የቃል መድረሻ ምን ያስተምረናል? ስለ ላቲን ባዕድ መድረሻዎች ምንጭና እርባታ



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ቁምስና የእሑድ ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት ተገኝተን ሕፃናቱን «ሚሲዮን ማለት ምን ማለት ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ ፈጥኖ ተነሣና በመስኮቱ ወደ ውጭ በጣቱ እያመለከተ፣ «ያ አጥር ያለው ግቢ ነው» አለን። የቀሩትም ሕፃናት በአንድ ድምፅ አጸደቁለት። መምህራቸውም ፈገግ ብሎ፣ «አባ፣ እኔም ብሆን ከዚህ የተለየ አልመልስም ነበር» አለን።

ልጁ አልተሳሳተም። በአገራችን የንግግር ልማድ ሚሲዮን ሲባል ቤተ ክርስቲያኑን፣ የካህናቱንና የደናግሉን ቤት፣ ትምህርት ቤቱንና ክሊኒኩን በአንድ አጥር የያዘውን ግቢ ማለታችን ነው። «ሚሲዮን ተማረ»፣ «ሚሲዮን ታከመ» እንላለን። ቃሉ ግን ከመነሻው የሥራ ስም ነበር እንጂ የግቢ ስም አልነበረም። ይህንንም የሚነግረን ከቃሉ በስተ ኋላ የተቀጠለችው፣ ብዙ ጊዜ ልብ የማንላት ትንሽ መድረሻ ናት።

ስለዚህ በዚህ ትምህርታችን የላቲን ባዕድ መድረሻዎች ከየት እንደ መጡና እንዴት እንደሚረቡ ባጭሩ እንመለከታለን። ዓላማችን አንባቢን የላቲን ሊቅ ማድረግ አይደለም። ነገር ግን ከምናስተምራቸው የእምነት ቃላት ብዙዎቹ በላቲን ተቀርጸው የደረሱን ናቸው፤ የቃሉን መድረሻ ያላስተዋለ መምህርም ሳያውቀው ሥራውን ስፍራ፣ ሠሪውንም ሥራ አድርጎ ሊያስተምር ይችላል።

አስቀድመን ሁለት ነገር እናሳስባለን። የላቲኑን ቃላት በፊደላችን የምንጽፋቸው በላቲን እንደ ተጻፉት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን አነባበብ ግን ለምሳሌ «-ቲዮ» የሚለው መድረሻ «-ትሲዮ» ተብሎ ይነገራል። ደግሞም በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

1. ባዕድ መድረሻ ምንድን ነው?

በሰዋስው ትምህርት ከቃል ግንድ በፊት የሚጨመረው ባዕድ መነሻ፣ ከግንዱ በኋላ የሚጨመረው ደግሞ ባዕድ መድረሻ ይባላል። ባዕድ የተባለውም ከግንዱ ያልተወለደ፣ ብቻውንም ቆሞ ትርጉም የማይሰጥ ስለ ሆነ ነው። በአማርኛችን «ደግ» ከሚለው «ደግነት»፣ «ሰማይ» ከሚለው «ሰማያዊ»፣ «ፈረስ» ከሚለው «ፈረሰኛ» ይወጣል። «-ነት»፣ «-አዊ»፣ «-ኛ» ለብቻቸው ቢነገሩ ምንም አያስረዱም፤ ከግንድ ጋር ሲጣመሩ ግን የመጀመሪያው ጠባይን፣ ሁለተኛው ወገንን፣ ሦስተኛው ባለሙያን ያመለክታሉ።

ግእዝና ላቲን ቃልን የሚያበዙበት መንገድ ይለያያል። ግእዝ በአብዛኛው የግንዱን ፊደላት ይዞ ድምፃቸውን ከውስጥ ይለዋውጣል። «ቀደሰ» ከሚለው ግሥ «ቅዱስ»፣ «ቀዳሲ»፣ «ቅዳሴ»፣ «ቅድስና»፣ «መቅደስ» ይወጣሉ፤ በሁሉም ውስጥ ሦስቱ የግንዱ ፊደላት አሉ። ላቲን ግን ግንዱን እንዳለ ትቶ ኋላውን ይለውጣል። ቅዱስ በላቲን «ሳንክቱስ» ነው። የሚቀድሰው «ሳንክቲፊካቶር»፣ የመቀደሱ ሥራ «ሳንክቲፊካቲዮ»፣ ቅድስናው «ሳንክቲታስ»፣ መቅደሱም «ሳንክቱዋሪዩም» ይባላል። አንባቢ እነዚህን አምስት ቃላት ከግእዞቹ አምስት ጋር ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው የላቲንን ሥርዓት ግማሹን ተረዳ ማለት ነው። «-ቶር» የሠሪው፣ «-ቲዮ» የሥራው፣ «-ታስ» የጠባዩ ወይም የሁኔታው፣ «-አሪዩም» የስፍራው ወይም የማኖሪያው መድረሻ ነው።

ከእነዚህ ሌላ «-ሜንቱም» የሥራውን መሣሪያ ወይም ፍሬ ያመለክታል፤ «ሳክራሜንቱም» እና «ቴስታሜንቱም» የሚሉት ቃላት እንዲህ ያሉ ናቸው። «-አሊስ» እንደ እኛ «-አዊ» ወገንን ወይም ዝምድናን ሲያመለክት፣ «-ቢሊስ» ደግሞ መቻልን ያሳያል፤ ለምሳሌ «ቪዚቢሊስ» የሚታይ፣ «ኢንቪዚቢሊስ» የማይታይ ማለት ነው።

2. መድረሻዎቹ ከየት መጡ?

የላቲን መድረሻዎች ከሦስት ምንጮች የተቀዱ ናቸው።

የመጀመሪያው ምንጭ ላቲን ከግሪክና ከሌሎች እኅት ቋንቋዎች ጋር የሚጋራው ጥንታዊ እናት ቋንቋ ነው። «-ቶር» የሚለው መድረሻ በግሪክ «-ቴር» የሚል ወንድም አለው። ግሪኮች መድኃኒታችንን «ሶቴር» ሲሉ፣ ላቲኖች ደግሞ «ሳልቫቶር» ሲሉ፣ ግንዱ ቢለያይም በቃሉ መጨረሻ የሚሰማው ሠሪውን የሚያመለክት ድምፅ ከአንድ አባት የተወለደ ነው። እንዲሁም «-ቲዮ» ከግሪኩ «-ሲስ»፣ «-ታስ» ደግሞ ከግሪኩ «-ቴስ» ጋር ይዛመዳሉ።

ሁለተኛው ምንጭ ላቲን ራሱ ነው፤ ከወረሰው እየቀጠለና እየገጣጠመ አዳዲስ መድረሻዎችን አበጀ። ለምሳሌ የሚጸልይ ወይም የሚናገር ሰው «ኦራቶር» ነው። በዚህ ላይ «-ዩስ» ሲጨመር «ኦራቶሪዩስ» ማለትም «ለጸሎት የሚሆን» የሚል ቅጽል ይሆናል፤ ቅጽሉም ስም ሲሆን «ኦራቶሪዩም» የጸሎት ቤት ተባለ። «-ኦሪዩም» የሚለው የስፍራ መድረሻ በዚህ መንገድ የተገኘ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። «-አሊስ» የተባለው መድረሻ ግንዱ ውስጥ አስቀድሞ የ«ል» ድምፅ ካለ ብዙውን ጊዜ ወደ «-አሪስ» ይለወጣል፤ ሮማውያን ሁለት «ል» ተቀራርበው ሲነገሩ ምላስ ስለሚከብዳቸው ነው። ስለዚህ «ስፒሪቱዋሊስ» (መንፈሳዊ)፣ «ፓስካሊስ» (ፋሲካዊ)፣ «ካርዲናሊስ» እያልን፣ በዓለም ለሚያገለግለው ካህን «ሴኩላሪስ»፣ በማኅበር ሕግ ለሚኖረው ደግሞ «ሬጉላሪስ» እንላለን። ካርዲናል የሚለው ማዕረግም የመጣው የበር ማጠፊያ ተብሎ ከሚተረጐመው «ካርዶ» ከሚለው ቃል ነው፤ በሩ በማጠፊያው እንደሚዞር ዋና የሆነውን ሁሉ ያመለክታል።

ሦስተኛው ምንጭ ግሪክ ነው፤ በዚህም የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ታላቅ ነው። ወንጌል ወደ ሮም የገባው በግሪክኛ ስለ ነበር «-ኢስታ»፣ «-ኢስሙስ»፣ «-ኢዛሬ» የሚሉት መድረሻዎች ከእምነት ቃላት ጋር አብረው ገቡ። «ባፕቲዛሬ» ማጥመቅ፣ «ባፕቲስሙስ» ጥምቀት፣ «ኤቫንጀሊስታ» ወንጌላዊ፣ «ካቴኪስሙስ» ትምህርተ ክርስቶስ፣ «ካቴኪስታ» የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ማለት ነው።

3. እንዴት ይረባሉ?

በላቲን አንድ ቃል ሁለት ዓይነት መድረሻ በተርታ ይይዛል። ከግንዱ ቀጥሎ ያለው የቃሉን ማንነት፣ ከእርሱ በኋላ በመጨረሻ ያለው ደግሞ ቃሉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚሰጠውን አገልግሎት ይናገራል። ይህ የመጨረሻው እየተለዋወጠ ሲሄድ እርባታ እንለዋለን።

በግእዝ ሰዋስው ግሦችን የቀተለ ቤት፣ የቀደሰ ቤት እያልን እንደምንከፍል፣ የላቲን ስሞችም በአምስት ቤቶች ይከፈላሉ። አንድን ስም ወደ ቤቱ የሚመራው ብዙ ጊዜ ባዕድ መድረሻው ነው። በ«-ቲዮ»፣ በ«-ቶር»፣ በ«-ታስ» የሚያልቁት ሁሉ የሦስተኛው ቤት ናቸው። በ«-ሜንቱም»ና በ«-አሪዩም» የሚያልቁት የሁለተኛው፣ በ«-ንቲያ»ና በ«-ኢስታ» የሚያልቁት ደግሞ የመጀመሪያው ቤት ናቸው። ስለዚህ አንዱን በሚገባ ያጠና ሰው በዚያው መድረሻ የሚያልቁትን በመቶ የሚቆጠሩ ቃላት አጠና ማለት ነው።

«ሚሲዮ» የሚለውን እንውሰድ። ግሡ «ሚቴሬ» መላክ ነው፤ «-ቲዮ» ከዚህ ግንድ ጋር ሲገናኝ ድምፁ ተለውጦ «-ሲዮ» ሆነ። ቃሉ ባለቤት ሲሆን «ሚሲዮ»፣ ዘርፍ ሲሆን «ሚሲዮኒስ» (የመላክ)፣ ተቀባይ ሲሆን «ሚሲዮኒ» (ለመላክ)፣ ተሳቢ ሲሆን «ሚሲዮኔም» (መላክን)፣ «በ» ወይም «ከ» ሲያሰኝ «ሚሲዮኔ» ይሆናል። ለብዙ ሲነገር «ሚሲዮኔስ»፣ «ሚሲዮኑም»፣ «ሚሲዮኒቡስ» እያለ ይሄዳል።

አንባቢ ልብ ይበል፤ በባለቤቱ ያልታየው «ን» በሌሎቹ ሁሉ ብቅ ይላል። እውነተኛው ግንድ «ሚሲዮን-» ስለ ሆነ ነው፤ «ን» በባለቤቱ ብቻ ተውጣ ቀረች። ከላቲን የተወለዱት የአውሮፓ ቋንቋዎች ስማቸውን በአብዛኛው የወሰዱት ከተሳቢው ስለ ሆነ፣ ጣሊያንኛው «ሚሲዮኔ»፣ ፈረንሳይኛው «ሚሲዮን» አለ። ወደ እኛም በአውሮፓውያን ቋንቋ በኩል ስለ መጣ በመጨረሻው «ን» ያለበትን ሚሲዮን ወረስን።

በ«-ታስ» የሚያልቁትም እንዲሁ የተሰወረ ፊደል አላቸው። «ካሪታስ» ዘርፍ ሲሆን «ካሪታቲስ»፣ ተሳቢ ሲሆን «ካሪታቴም»፣ «በ» ሲያሰኝ «ካሪታቴ» ይሆናል። ግንዱ «ካሪታት-» ነው፤ በባለቤቱ ላይ «ስ» ስትጨመር «ት» ወደቀች። «ካሪታስ» የወጣበት «ካሩስ» የሚለው ቅጽል እንደ አማርኛው «ውድ» ሁለት ትርጉም አለው፤ የተወደደም ዋጋው የከበረም ማለት ነው። ስለዚህ በሮማውያን ገበያ የእህል ውድነት «ካሪታስ» ይባል ነበር። ክርስቲያኖች ይህንኑ ቃል ለእግዚአብሔር ፍቅር ሲያውሉት፣ ፍቅር ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን ቃሉ ራሱ ያስታውሳቸው ነበር።

የእርባታ ጥቅም የበለጠ የሚታየው በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሐዋርያዊ መልእክቶች ስም ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1979 «ሬዴምፕቶር ሆሚኒስ»፣ በ1987 «ሬዴምፕቶሪስ ማቴር»፣ በ1990 ደግሞ «ሬዴምፕቶሪስ ሚሲዮ» የተባሉትን መልእክቶች ጻፉ። በመጀመሪያው «ሬዴምፕቶር» ባለቤት ስለ ሆነ «የሰው ልጅ ቤዛ» እንላለን። በሁለቱ ግን «-ኢስ» የተባለው መድረሻ ስለ ገባ ዘርፍ ሆኗል፤ «የቤዛችን እናት»፣ «የቤዛችን ተልእኮ» ማለት ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ በ2007 «ሳክራሜንቱም ካሪታቲስ» ሲሉ «የፍቅር ምሥጢር»፣ በ2009 «ካሪታስ ኢን ቬሪታቴ» ሲሉ ደግሞ «ፍቅር በእውነት» ማለታቸው ነው።

ይህን ከግእዝ ጋር ብናስተያየው ደስ ይላል። ግእዝ «ቤት» እና «ክርስቲያን» የሚሉትን ሲያገናኝ «ቤተ ክርስቲያን» ይላል፤ ምልክቱን የሚያደርገው በመጀመሪያው ስም ላይ ነው። «እም» የሚለው «እመ አምላክ» ሲሆንም እንዲሁ ነው። ላቲን ግን ምልክቱን በዘርፉ ላይ ያደርጋል፤ «ማቴር» ሳትለወጥ «ሬዴምፕቶር» ወደ «ሬዴምፕቶሪስ» ይለወጣል። ምልክቱ በራሱ በቃሉ ላይ ስላለ የላቲን ቃላት ቦታቸውን ቢለዋወጡ እንኳ ማን የማን እንደ ሆነ አይጠፋም።

4. በአሮጌ መድረሻ አዲስ ቃል

አሁን ወደ ነገሩ ልብ እንግባ። የሮማው ተናጋሪ ቺቼሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ዓመት ባቀረበው ክስ ላይ «ሶቴር» የሚለውን የግሪክ ቃል ጠቅሶ፣ ነገሩ እጅግ ታላቅ ስለ ሆነ በላቲን በአንድ ቃል ሊገለጽ እንደማይችል ተናግሯል። በዚያ ዘመን ለሚጠብቅና ለሚያተርፍ ሰው «ሴርቫቶር» የሚል ቃል ነበረ፤ ሕይወትንና ደኅንነትን የሚሰጠውን ግን አልሞላውም።

ክርስቲያኖች ምን አደረጉ? «ሳልቩስ» (ደኅና) ከሚለው ቅጽል «ሳልቫሬ» (ማዳን) የሚል ግሥ አወጡ፤ በዚያም ላይ ጥንታዊውን «-ቶር» ቀጥለው «ሳልቫቶር» አሉ። ቅዱስ አውግስጢኖስ በአንድ ስብከቱ ስለዚህ ቃል ሲያስተምር፣ መድኃኒታችን ከመምጣቱ በፊት እነዚህ ቃላት ላቲን እንዳልነበሩ፣ እርሱ ወደ ላቲኖች በመጣ ጊዜ ግን ላቲን እንዳደረጋቸው ያስረዳል። የሰዋስው ሊቃውንት ቃሉ ምን ያህል የጠራ ላቲን ነው ብለው ቢጠይቁ፣ ክርስቲያኖች ግን ምን ያህል እውነት ነው ብለው እንዲጠይቁ ይመክራል። ግንዱ የአገሬው፣ መድረሻው የአባቶች፣ በቃሉ የሚጠራው ጌታ ግን ለሮማውያን አዲስ ነበር።

የካርታጎው ጠርጡልያኖስም በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ «-ታስ» የተባለውን የሁኔታ መድረሻ ወስዶ የአንድ አምላክን ሦስትነት በላቲን «ትሪኒታስ» ብሎ ጠራ። ጠርጡልያኖስም ሆነ አውግስጢኖስ አፍሪካውያን ነበሩ፤ ክርስቲያናዊውን የላቲን ቋንቋ ከቀረጹት ቀዳሚዎች መካከል የአህጉራችን ልጆች መገኘታቸውን ልንዘነጋ አይገባም። በ«-ታስ» የሚያልቁ ስሞች ሁሉ በሰዋስው አንስታይ ናቸው፤ ይህ ግን የቋንቋው ልማድ ነው እንጂ ስለ እግዚአብሔር ባሕርይ የሚናገር ትምህርት አይደለም።

«ሬዴምፕቶር» የሚለውም ትልቅ ትምህርት ይዟል። «ኤሜሬ» መግዛት፣ «ሬዲሜሬ» መልሶ መግዛት ነው፤ «ሬዴምፕቶር» እንግዲህ መልሶ የገዛን ማለት ነው፣ «-ቶር» ከፋዩን ያሳያልና። «ቤዛ» የሚለው ቃላችን ግን ስለ ተያዘው ሰው የሚከፈለውን ዋጋ ያመለክታል (ማር. 10፥45)። ላቲኑ ከፋዩን፣ ግእዙ ክፍያውን ጠራ። ክርስቶስም ራሱ ከፋይ ራሱም ክፍያ ስለ ሆነ ሁለቱም ቋንቋዎች እውነትን ተናገሩ፤ አንዱ ሌላውን ይሞላዋል። መምህር ሁለቱን አንድ ላይ ቢያስተምር ትምህርቱ ይሰፋል።

5. መድረሻን ያለማስተዋል ጉዳት

በ«-ኦሪዩም» የሚያልቀው «ፑርጋቶሪዩም» ብዙ ምእመናንን ግራ ያጋባ ቃል ነው። መድረሻው ስፍራን ስለሚያመለክት፣ እኛም «የመንጻት ስፍራ» እያልን ስለምንተረጉመው፣ ብዙዎች በካርታ ላይ የሚገኝ አገር ይመስላቸዋል። ሆኖም ቃሉ በመጀመሪያ ቅጽል ነበር። ቅዱስ አውግስጢኖስ የሚያነጻ እሳት፣ የሚያነጻ ቅጣት ሲል «ፑርጋቶሪዩስ» በሚለው ቅጽል ተጠቅሟል፤ ራሱን ችሎ ስም ሆኖ የተለመደው ግን በ12ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም (ቁ. 1030-1032) ነገሩን የመጨረሻ መንጻት ብሎ ያስተምራል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ነሐሴ 4 ቀን 1999 ባደረጉት ሳምንታዊ ትምህርት ቃሉ የሕልውናን ሁኔታ እንጂ ስፍራን እንደማያመለክት አስረድተዋል። ስለዚህ ሕፃናትን ስናስተምር «የት ነው?» ከሚለው ይልቅ «ማን ያነጻናል?» የሚለውን ብናስቀድም ይሻላል።

«ትራንስሱብስታንቲያቲዮ» የሚለውም ረጅም ቃል በመድረሻው ይፈታል። «-ቲዮ» የሥራ መድረሻ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ የእንጀራውና የወይኑ ባሕርይ ወደ ክርስቶስ ሥጋና ደም የሚለወጥበትን ድርጊት ይናገራል። አራተኛው የላተራን ጉባኤ በ1215 በግሡ ተጠቀመ፤ የትሬንቶ ጉባኤም በ1551 ይህ ስም ለነገሩ የሚስማማ መሆኑን አጸና።

ወደ መነሻችን እንመለስ። «ሚሲዮ» በ«-ሲዮ» ስለሚያልቅ የመላክ ሥራ ነው። ስፍራን የሚያመለክት መድረሻ የለውም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ባወጣው ስለ ቤተ ክርስቲያን ተልእኮ በሚናገረው ድንጋጌ (ቁ. 2) ቤተ ክርስቲያን በባሕርይዋ የተላከች መሆኗን፣ ይህም ከወልድና ከመንፈስ ቅዱስ መላክ የሚመነጭ መሆኑን ያስተምራል። እንግዲህ ሚሲዮን ግቢ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሩ ሲዘጋ ባለቀ ነበር፤ ጠባቂውም ዘበኛው በሆነ ነበር። መላክ ከሆነ ግን ከጥምቀት ጀምሮ የሁላችን ነው። ቅዳሴ በላቲን «ሚሳ» የተባለውም በመጨረሻው ሕዝቡን ማሰናበቻ ከሆነው ቃል የተነሣ ነው፤ እርሱም ከዚሁ «ሚቴሬ» ይወጣል። ከቅዳሴ ወጥተን ወደ ቤታችን ስንሄድ ተልእኮው በእግራችን ይጀምራል።

6. ወደ እኛ የደረሱት

በቋንቋችንና በላቲን መካከል ያለው ግንኙነት የቆየ ነው። የጀርመኑ ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በ1649 በሮም ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኝቶ ከእርሳቸው ተማረ፤ በ1698ም የአማርኛን ሰዋስው በላቲን ጽፎ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ርእስ ላይ የቋንቋችን ስም «አምሐሪካ» ተብሎ «-ኢኩስ» ከሚለው የላቲን መድረሻ በአንስታይ ጾታ ተበጅቷል። ካፑቺናዊው ጳጳስ ጉሌልሞ ማሳያ ደግሞ በ1867 በፓሪስ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በላቲን ሲያሳትሙ ርእሱን «ሌክቲዮኔስ ግራማቲካሌስ ፕሮ ሚሲዮናሪይስ» ብለው ጀመሩ፤ «የሰዋስው ትምህርቶች ለሚሲዮናውያን» ማለት ነው። እስካሁን ያየናቸው መድረሻዎች በዚህ ርእስ ተሰልፈዋል፦ «-ቲዮ» በብዙ፣ «-አሊስ» በብዙ፣ «-አሪዩስ» ደግሞ «በ» ወይም «ከ» በሚያሰኘው እርባታ።

«ሚሲዮናዊ» የሚለውን የራሳችንን ቃል ደግሞ እንመርምረው። ግንዱ የላቲን፣ «-ዮን» የላቲን መድረሻ፣ «-አዊ» ግን የግእዝ ነው። ሲበዛም በግእዝ ሕግ «ሚሲዮናውያን» ይሆናል። «ሴሚናሪዩም» የሚለውን ግን አባቶች በድምፁ አልወሰዱትም። «ሴሜን» ዘር፣ «-አሪዩም» ማኖሪያ ስለ ሆነ የችግኝ መደብ ማለት ነው፤ በእኛ ዘንድ «ዘርዐ ክህነት» ተባለ። ድምፁን ትተው የዘሩን ምሳሌ ወሰዱ። ትርጉም ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የራሳችን ስም ነው። የሐዋርያት ሥራ (11፥26) ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ በአንጾኪያ ክርስቲያን ተባሉ ይላል። በላቲን «-ያኑስ» የአንድን መሪ ወገኖች የሚያመለክት መድረሻ ነበር፤ የቄሳር ወገኖች «ቄሳርያኒ» ይባሉ ነበር። የአንጾኪያ ሰዎችም «ክርስቶስ» በሚለው የግሪክ ቃል ላይ ይህን መድረሻ ጨመሩበት። ክርስቶስ ደግሞ መሲሕ የሚለው የዕብራይስጥ ቃል ትርጉም ነው። በመስቀሉ ላይ የተጻፈው ጽሕፈት በዕብራይስጥ፣ በሮማይስጥና በግሪክ እንደ ነበረ (ዮሐ. 19፥20)፣ እነዚያ ሦስት ቋንቋዎች በስማችን ውስጥም ተገናኙ። እኛም አራተኛ ሆነን የግእዙን «-ና» ጨምረን «ክርስትና» አልን። ስማችን ራሱ «የማን ወገን ነህ?» ለሚል ጥያቄ መልስ ነው፤ መልሱም ያለው በመድረሻው ላይ ነው።

መደምደሚያ

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ «ካቴኪስታ» የሚለው ስማችሁ በመጀመሪያው ቤት ስለሚረባ ሲታይ አንስታይ ይመስላል፤ ነገር ግን ሳይለወጥ ለወንድም ለሴትም ይሆናል። የግሪኩ ሥር በድምፅ ማሰማት፣ በቃል ማስተማር ማለት ነው። እንግዲህ አንድን ከባድ የእምነት ቃል በድምፁ ብቻ ለተማሪዎቻችሁ አታሳልፉ። መጀመሪያ «ይህ ቃል የሠሪ ነው? የሥራ ነው? የሁኔታ ነው? የስፍራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያም በሕዝቡ ቋንቋ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ቃል ፈልጉ።

ያ ልጅ አሁን አድጓል። ቁምስናውን ዳግመኛ በጎበኘን ጊዜ በበሩ አገኘንና ሰላምታ ከሰጠን በኋላ፣ «አባ፣ ሚሲዮን የት ነው?» ብሎ በቀልድ ጠየቀን። እኛም ከግቢው ውጭ ያለውን መንገድ አሳየነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. «ክሬያቶር» እና «ክሬያቲዮ» በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? የትኛው ፈጣሪን፣ የትኛው መፍጠርን ያመለክታል?

2. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2013 «ኤቫንጀሊ ጋውዲዩም»፣ በ2022 ደግሞ «ፕሬዲካቴ ኤቫንጀሊዩም» የተባሉ ሰነዶች አውጥተዋል። የመጀመሪያው «የወንጌል ደስታ»፣ ሁለተኛው «ወንጌልን ስበኩ» ማለት ከሆነ፣ «ኤቫንጀሊዩም» ዘርፍ የሆነው በየትኛው ነው? በምንስ ታወቀ?

3. በቁምስናችሁ በድምፁ ብቻ የሚነገር፣ ትርጉሙ ግን ለምእመናን ያልተገለጸ የእምነት ቃል አለን? ሥራውን የሚገልጽ ቃል በቋንቋችሁ ፈልጉለት።

4. ሚሲዮን ግቢ ሳይሆን መላክ ከሆነ፣ በዚህ ሩብ ዓመት ቁምስናችሁ ማንን ወዴት ይልካል?